የፎገራን ሣር በእጅ መለየት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ፣ የጉማራን ድልድይ እንደተሻገራችሁ በግራ በኩል እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ የምታዩት ሜዳ ፎገራ ነው። ወረታ መንገዱ ላይ ተቀምጣለች፤ ከእሷ ወዲያ ርብ አለ። ክረምት ሲከብድ ሁለቱ ወንዞች ሞልተው ይወጡና ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል። በጋ ሲሆን ደግሞ ያው ዋልካ አፈር እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። እዚህ የሚበቅል ሣር በአንድ ዓመት ውስጥ ጎርፉንም ድርቁንም መቻል አለበት። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተነሣው በዚህ ሣር ነው። የጣናው ታንኳ፣ የገበሬው ጎጆ፣ የእናቶቻችን መሶብ ሁሉ ከዚሁ ሜዳና ከዙሪያው ዳገት የወጣ ነው።

ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት ከተማ ላደገ ወጣት፣ ለግብርና ተማሪ፣ ለመምህር፣ ልጆቹን ይዞ ሜዳ መውጣት ለሚሻ ወላጅም ነው። የማሳያችሁ መንገድ አንድ ነው፤ ሣሩን ለሥራ ያበቃው ጠባይ ራሱ መለያው ነው። አክርማ ለስፌት የተመረጠው ስለማይበጠስ ነው፤ ስለዚህ ስትጎትቱት የማይበጠሰውን ፈልጉ። ቄጤማ ለጉዝጓዝ የተመረጠው ለስላሳና ውሃ ያዘለ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ስትጨምቁት የሚረጥበውን ፈልጉ። መጽሐፍ የሚያስተምረው በአበባና በዘር ቅንጣት መለየት ትክክል ነው፤ ነገር ግን አበባ የሚገኘው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ሲሆን፣ እጅ የሚለየው ጠባይ ዓመቱን ሙሉ አለ።

መቼ፣ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። ሣሩ ራስ አውጥቷል፤ ከብት ገና አልጨረሰውም፤ ውሃውም ቀስ እያለ ይሸሻል። አንድ ወር ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ጥቅምትን እመርጣለሁ። በሰኔና በሐምሌ ሁሉም ቅጠል ብቻ ስለሆነ ጀማሪን ያደናግራል። ከጥር በኋላ ደግሞ ከሜዳው የሚቀረው የሩዝ ቃርሚያና የተጋጠ ሰርዶ ነው።

ቢላዋ፣ እርሳስና ደብተር፣ አሮጌ ጋዜጣና ሁለት ካርቶን፣ ቢቻል ትንሽ አጉሊ መነጽር ያዙ። የላስቲክ ቦት ግን የግድ ነው። በረግረጉ ውስጥ አልቅት አለ፤ በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያም አለ። በባዶ እግር ቆሞ ውሃ ውስጥ ሣር መቁረጥን ለልጆች አታስለምዱ። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የጉበት ትል ነው። የትሉ እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃ ዳር ሣርና ቄጤማ ላይ ይለጠፋል፤ ከብቱን የሚይዘው በግጦሽ ነው፣ ሰውንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከረግረግ የነቀላችሁትን አገዳ ወደ አፍ አታስገቡ፤ አገዳ ማኘክ የለመደ ሰው ይህን ቶሎ ይረሳል።

ሜዳው ባለቤት አለው። አንዱ ክፍል የወል ግጦሽ ነው፣ አንዱ ለድርቆሽ የተከለለ ነው፣ አንዱ የሰው ማሳ ነው። እረኛ ስታገኙ ቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ፤ መቁረጥ የሚቻልበትን ጠይቁ። ማሳ ውስጥ የሚያርሙ ሰዎች ካሉ ደግሞ «አይዟችሁ፣ በርቱ» ሳይሉ ማለፍ በዚህ አገር ነውር ነው።

አገዳውን በጣታችሁ አሽከርክሩት

የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው። አገዳውን ከታችኛው ቅጠል በላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙና አሽከርክሩት። ያለ እንቅፋት ከዞረ ክብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሣር ነው። ጣታችሁ ሦስት ጠርዝ እየቆጠረ ከሄደ የቄጤማ ወገን ነው፤ ቄጤማ፣ ግጫ፣ እንግጫና ደንገል ሁሉም እዚህ ይገባሉ። እነዚህ ሣር ቢመስሉም ከሣር ቤተሰብ አይደሉም።

አንዳንድ ክብ አገዳ ያለው የቄጤማ ወገንም ስላለ ሁለተኛ ምስክር ጥሩ። አገዳውን በርዝመቱ ዳብሱ። ሣር እንደ ሸንኮራና እንደ ገብስ አንጓ አለው፤ በሁለት አንጓዎች መካከል ሲቆረጥም ብዙውን ጊዜ ውስጡ ክፍት ነው። የቄጤማ አገዳ አንጓ አይታይበትም፤ ውስጡም በነጭ ለስላሳ ነገር የተሞላ ነው። ቀጥሎ ቅጠሉ አገዳውን የጠቀለለበትን ክፍል በጥፍራችሁ ፈልቅቁት። የሣር ጥቅል ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ የተደራረበ ስለሆነ ይከፈታል። የቄጤማው ዙሪያውን የተዘጋ ቱቦ ነው፤ ካልቀደዳችሁት አይከፈትም። በመጨረሻ ከአናቱ ቁልቁል ተመልከቱ፤ የሣር ቅጠል በሁለት ወገን ተሰልፎ ይወጣል፣ የቄጤማ በሦስት ወገን።

ይህን አራት ነገር ማየት ከለመዳችሁ በኋላ የምታጠፉት ጊዜ የአንድ ሰላምታ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ስሙ ሂዱ።

ከዳገቱ ጀምራችሁ ወደ ውሃው ውረዱ

ፎገራ ላይ ሣር የሚደረደረው በውሃው መጠን ነው። ስለዚህ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ እስከ ዓለም በር አቅጣጫ ወጣ ብላችሁ፣ ሜዳው አልቆ ዳገቱ ከሚጀምርበት ተነሡ። ከዚያ ወደ ጣና ስትወርዱ ሣሩ ራሱ ይለዋወጥላችኋል።

ደረቁ ዳገት ላይ በመጀመሪያ ዓይን የሚገባው ሰንበሌጥ ነው። ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል፤ ኅዳር ላይ ደርቆ ወደ ቀይ ዳማ ይለወጣል። ራሱን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ዘሩ የሚቀመጠው ጥንድ ጥንድ ሆነው በወጡ ትንንሽ ዛላዎች ላይ ነው፤ ከእያንዳንዱም የተጠማዘዘ ቡናማ ጢም ይወጣል። እጃችሁ ላይ ግን ዋናው ምስክር አገዳው ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ የሚያብለጨልጭ። ጎጆ የሚከደነው በዚህ ነው። ዝናቡ በአገዳው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም።

ለክዳን መድረሱን ለማወቅ አንድ አገዳ አጥፉ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፤ ሳይሰበር ከተኛ ገና እርጥብ ነው፣ ጣሪያ ላይ ከወጣ ይሻግታል። ሲያጭዱት ዘሩ ረግፎ ይሁን፤ ዘር ያለበት ክዳን አይጥና ወፍ ይጠራል፣ የረገፈውም በሚቀጥለው ክረምት ዳገቱን መልሶ ይሸፍናል። ታጭዶ ይሰጣል፣ ይታሰራል፣ ከዚያ ክዳኑ ከጠርዙ ተጀምሮ እየተደራረበ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። ዛሬ ቆርቆሮ በየመንደሩ ገብቷል፤ የቆርቆሮን ጥቅም አልክድም፤ በየጊዜው ክዳን መቀየር ድካም ነው። ቢሆንም በፎገራ የቀትር ሙቀት ከቆርቆሮ ሥር ወጥቶ ሰንበሌጥ ቤት የገባ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። ዘመናዊ እንግዳ ማረፊያ የሚሠሩም ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ከሰንበሌጡ ዝቅ ብሎ፣ በመንገድ ዳርና በተጋጠ መሬት ላይ ጉብ ጉብ ብሎ የበቀለ ጠንካራ ሣር ታገኛላችሁ። ከብት ዙሪያውን ጨርሶ እሱን ብቻ ትቶታል። ይህ ብዙ ጊዜ አክርማ ነው። አንድ ቅጠል ያዙና ወደ ራሳችሁ ሳቡ። እጃችሁን ይቆርጣል እንጂ አይበጠስም፤ ስለዚህ በቀስታ። ቅጠሉ በርዝመቱ እንደ ታጠፈ ወረቀት ነው። ከሁሉ የተሻለው መለያ ግን በቅጠሉ ጠርዝና በጥቅሉ አፍ ላይ ጣል ጣል ያለ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ጠጉር ነው፤ አጉሊ መነጽር ካላችሁ እዚህ ላይ አውጡት። ራሱ የዳጉሳ ዘመድ መሆኑን ይናገራል፤ ዘሩ በአንድ በኩል የተደረደረባቸው ጣቶች አሉት፣ ጣቶቹ ግን ከአንድ ነጥብ ሳይሆን አንዱ ከሌላው ከፍ ዝቅ ብለው ይወጣሉ።

ጓደኛው ስንደዶ ነው። እሱም ከሥሩ ጥቅጥቅ ብሎ ይወጣል፤ ራሱ ግን እንደ አክርማ ጣት የለውም፤ አንድ ወጥ፣ ክብ፣ ጠጉራም ዛላ ነው። አገዳው ቀጭን፣ ለስላሳና ወጥ ነው። የሴቶች እጅ የሚፈልገው ይህን አገዳ ነው። ስንደዶ ሲሰበሰብ አይታጨድም፤ አገዳው ከጥቅሉ ውስጥ ወደ ላይ ይመዘዛል። ትክክለኛው ጊዜ ላይ ከሆነ ንጹሕ፣ ነጣ ያለ ዘንግ ሆኖ ይወጣል፤ ካልደረሰ መሐሉ ላይ ይበጠሳል፤ ካለፈበት ይደርቅና ሲሰፋ ይሰነጠቃል። ይህን አንዴ በእጃችሁ ካደረጋችሁት ስንደዶን ከሌላ ሣር ጋር አታምታቱም።

የተመዘዘው በጥላ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰባበራል፣ ቀለሙም ይጠወልጋል። ለጌጥ የሚሆነው ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል፤ ቀዩ፣ ሐምራዊው፣ አረንጓዴው በመሶቡ ጎን ላይ የምታዩት እሱ ነው። ሊሰፋ ሲል እንደገና ውሃ ይረጭበታል፤ ደረቅ ሣር ለወስፌ አይታዘዝም። በስፌት ውስጥ ሁለት ሥራ አለ፤ ውስጥ ገብቶ የሚሞላ አለ፣ በላዩ እየዞረ የሚያስር አለ። የትኛው ሣር ለየትኛው እንደሚሆን ከሰፊ ሰፊ ይለያያልና እዚያው ጠይቁ። አገልግል ሰፍታ የምታውቅ እናት ፊት ቁጭ ብላችሁ ከሰፊዋ እጅ አንድ ዙር ብታዩ፣ የትኛው ሣር መታጠፍ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ትማራላችሁ፤ ከመጽሐፍ ይህን አታገኙትም።

በማሳ ዳርና በመንደር ውስጥ

ሰርዶን ለመለየት ብዙ አታስቡ። መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ ራሱ ከአንድ ነጥብ የሚወጡ ከሦስት እስከ ስድስት የሚደርሱ ቀጭን ጣቶች አሉት። ጫፉን ይዛችሁ ሳቡት፤ ክንድ ያህል ተስቦ ይወጣና አሁንም ሌላ ቦታ ተተክሎ ታገኙታላችሁ። ማሳ ውስጥ ጠላት ነው፤ ገበሬው ካረሰ በኋላ ሥሩን አራግፎ ያወጣዋል፤ አንድ አንጓ ከቀረ ይመለሳል። ነገር ግን ይኸው ግትርነቱ እርከንና የቦይ ዳር ይዞ ያቆማል፤ ብዙ ከተጋጠም አይጠፋም። አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች የሚባለው ተረት ሰርዶ የመሬቱ የመጨረሻ ስንቅ መሆኑን በሚያውቅ ሰው የተነገረ ነው።

ሙጃ ሌላ ነው። ዓመታዊ፣ ለስላሳ፣ ክረምት ላይ በማሳና በጓሮ ቶሎ የሚነሣ ሣር ነው። ራሱ ቀጫጭን፣ ጠጉራም፣ በብዛት የተሰበሰቡ ትንንሽ ዛላዎች አሉት። ስትጨብጡት ያለ ድምፅ ይጨመቃል፤ ላም የምትወደውም ለዚህ ነው። ራስ ሳያወጣ ወይም ገና ሲያወጣ ታጭዶ ቢሰጥ የሚስተካከለው የለም። ይህ ቀድሞ የማጨድ ደንብ ለድርቆሽም ይሠራል። በአካባቢያችን ሣሩ ሙሉ በሙሉ ደርቆ እስኪያበቃ ይጠበቃል፤ ያን ጊዜ ብዛት አለው፣ ጉልበት ግን የለውም። ሣሩ ማበብ ሲጀምር አጭዳችሁ፣ እያገላበጣችሁ አድርቃችሁ፣ ዝናብ ከማያገኘው ቦታ ብትከምሩ ትንሹ ክምር ከትልቁ ይበልጣል።

ከሙጃው ጋር ተቀላቅሎ ሦስት ክብ ቅጠል ያለው ማገጥ ታያላችሁ። ሣር አይደለም፤ የባቄላ ወገን ነው። ለከብት እጅግ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን የተራበ በሬ ጠዋት ጤዛ ያለበት ማገጥ ውስጥ ቢለቀቅ ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ ደረቅ ነገር አቅምሱት።

ከሜዳው ወጥታችሁ ስንዴና ገብስ ወደሚዘራበት ወደ ፋርጣ ወገን ከወጣችሁ ሁለት ነገር ለዩ። ስናር የዘሩ ጢም መሐሉ ላይ የተሰበረ ጉልበት አለው፤ ምራቅ ብታስነኩት በራሱ ይዞራል፣ ልጆች በዚህ ይጫወታሉ። እንክርዳድ ግን መጫወቻ አይደለም። በዘሩ ውስጥ በዓይን የማይታይ ሻጋታ ይኖራል፤ ከእህል ጋር ከተፈጨ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያፈዛል፣ ያስመልሳል፤ መጋገርም አያጠፋው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ስንዴና እንክርዳድ እስከ መከር አብረው ይደጉ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅጠል ብቻ ሳሉ ለመለየት በጣም ያስቸግራሉ። ራስ ሲያወጡ ግን እንዲህ አድርጉ፤ ዛላውን ከጎን ተመልከቱ። የስንዴ ቅንጣት ሰፊ ገጹን ወደ መሐሉ ዘንግ አዙሮ ይቀመጣል። የእንክርዳድ በጠርዙ በኩል ይቆማል፤ ዘንጉ ላይ እንደ ተሰካ ምላጭ።

ሩዙ ውስጥ ያለው የዱር ሩዝ

እዚህ ቆይታ ያስፈልጋል፤ የፎገራ ነገር እዚህ ነውና። ሩዝ በዚህ ሜዳ ሥር የሰደደው በደርግ ዘመን ነው፤ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሠርተዋል፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው የታወቀ ዝርያም ስሙን ከዚያው ይዟል። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ ወረታ ላይ ይገኛል። ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ሜዳው የራሱ ሩዝ ነበረው። ረግረጉ ውስጥ የሚበቅለው የዱር ሩዝ፣ ባለሙያዎች «ኦሪዛ ሎንጂስታሚናታ» የሚሉት፣ መሬቱ ሩዝ እንደሚስማማው አስቀድሞ ምስክር ሆኗል።

አራሚ እናቶች ተጎንብሰው በአንድ እይታ ሩዙን ትተው አረሙን ይነቅላሉ። ያንን እይታ ለመማር ቅጠሉ ከአገዳው ተለይቶ የሚታጠፍበትን ክንድ ተመልከቱ፤ ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ነው። ቅጠሉን ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ አጥፉት። ሩዝ ከሆነ በመታጠፊያው ውስጥ ነጭ፣ ስስ፣ ጫፏ የተሰነጠቀ ምላስ ትነሣለች፤ በግራና በቀኝ ደግሞ ጠጉር ያላቸው ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች አገዳውን አቅፈው ይይዛሉ። ሩዝ ያልሆነው፣ ሩዝ መሳዩ የማሳ አረም፣ በዚያው ቦታ ላይ ምንም የለውም፤ ምላስም ጆሮም የለም፣ ልሙጥ ነው። በጥልቁ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ረጅሙ ዘመዱ ደግሞ በምላስ ፋንታ የጠጉር ረድፍ አለው። በቃ። ገና አራት ቅጠል ሳይሞላው በዚህ ትለያላችሁ።

የዱር ሩዙ ያስቸግራል፤ እሱም ምላስና ጆሮ አለው። ነገር ግን ምላሱ ረጅምና ሹል ነው። ያንን ከተጠራጠራችሁ ቆፍሩ፤ የተዘራው ሩዝ ሥሩ እንደ ጨፈቃ ተሰብስቦ ይወጣል፣ የዱሩ ግን ከመሬት በታች ወደ ጎን የሚሄድ ወፍራም ሥር አለው፤ ከዓመት ዓመት የሚኖረው በዚያ ነው። ሲያፈራም ዘሩ ረጅም ጢም አለው፤ በስሎ ሲነካ እጅ ላይ አይቆይም፣ ወዲያው ውሃው ላይ ይረግፋል። ለገበሬው ይህ ጉድለት ነው፤ ለሣሩ ግን ለከርሞ ዘር መትከል ነው።

አረም ብላችሁ አትናቁት። ይኸው የዱር ሩዝ ዝርያ ከማሊ በተገኘ ናሙናው ለዓለም ሩዝ የባክቴሪያ ዋግን የሚቋቋም «ኤክስ-ኤ-21» የሚባል ዘረ መል ሰጥቷል፤ ዘረ መሉ ተለይቶ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። የፎገራው ምን እንደያዘ ለማወቅ መጀመሪያ መኖር አለበት። ግጦሹ እየታረሰ፣ ረግረጉ እየተጠነፈፈ ሲሄድ የዱር ሩዙ ወደ ቦይ ዳርና ወደ ወንዝ አፍ ተገፍቷል። ስታገኙት ቦታውን መዝግቡ፤ ማዕከሉም ወረታ ላይ ስለሆነ ሩቅ አትሄዱም።

እስከ ጣና ዳር

ሜዳው እየረጠበ ሲሄድ ቄጤማ ይበዛል። ቡና ሲፈላ፣ በእንቁጣጣሽና በሌላውም በዓል ቤቱ የሚጎዘጎዘው እሱ ነው። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ለምለም ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመኑ በራሱ ያስረዋል፤ ለኖኅ የውሃውን መጉደል ያበሠረችው ርግብ ይዛ የመጣችው ለምለም ቅጠል መታሰቢያ ነው። ለጉዝጓዝ የሚሆነውን ለመምረጥ አገዳውን በሁለት ጣት ጨፍልቁት፤ ውሃ ካወጣና ጠርዙ ቆዳ ካልቧጠጠ ያ ነው። ጠርዙ የሚቧጥጠው ለእግርም ለልጅም አይሆንም። አባይን ተሻግራችሁ ጎጃም ስትደርሱ ደግሞ የቄጤማ ዘመድ የሆነው እንግጫ የራሱ በዓል አለው፤ ልጃገረዶች በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሜዳ ወርደው እየዘፈኑ ይነቅሉታል፣ ይጎነጉኑታል። በላስታ የነሐሴው አሸንድዬም ስሙን ያገኘው ልጃገረዶቹ በወገባቸው ከሚያስሩት ረጅም ለምለም ቅጠል ነው።

ውሃው ሲጠልቅ ፊላ ይመጣል። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጧፍ የመሰለ ራሱን ሩቅ ሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ረጃጅም ጠፍጣፋ ቅጠሉ ለምንጣፍ ይሆናል። ከእሱ ወዲያ ደንገል ነው። ሦስት ማዕዘን አገዳው ወፍራም ነው፤ ቁመቱ ከሰው ቁመት እጥፍ ያልፋል፤ አናቱ ላይ የተበተነ አረንጓዴ ጠጉር አለው። አገዳውን በቢላዋ ቁረጡና ውስጡን ተመልከቱ፤ ነጭ፣ በአየር የተሞላ፣ ቀላል ነው። ታንኳ የሚንሳፈፈው በዚህ አየር ነው። የጣና ወይጦዎች ደንገሉን አድርቀው፣ አስረው፣ ጫፉን ወደ ላይ ቀልብሰው ይሠሩታል። ከሥራ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ አየሩ በውሃ ከተተካ ታንኳው ይከብዳል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ደንገል ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከውሃው ከፍ አድርጎ መቁረጥ አይጎዳውም። የሚገድለው ሥሩን ነቅሎ ማረስና በደረቅ ወር ማቃጠል ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዳሩን የያዘው የደንገል ቀበቶ ግን በብዙ ቦታ ሳስቷል፤ ከወንዞቹ የሚወርደውን ደለል የሚያጣራውም እሱ ነው። በሸሸርና በወላላ ረግረጎች ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለው ትልቁ ወፍ በቄጤማው መሐል ጎጆ ይሠራል፤ ወፎቹ ከተንጫጩ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሁለት ወራሪዎችን እወቁ፤ ሁለቱም ሣር አይደሉም፤ የሣርን ቦታ ግን ይዘዋል። አሜከላ ረግረጋማው ግጦሽ ላይ የሚበቅል፣ በየአንጓው ረጃጅም እሾህ የታጠቀ፣ ወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አበባ ያለው ነው፤ ከብት አፉን አያስጠጋበትም። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታወቀው ተንሳፋፊ ነው፤ የቅጠሉ አንገት እንደ ፊኛ ያበጠ ነው፤ አበባው ያምራል። ስላማረ አንስታችሁ ወደ ሌላ ኩሬ እንዳትወስዱት፤ አንዲት ቁራጭ ትበቃዋለች።

ስሙን መጠየቅ፣ ናሙናውን መያዝ

የደረቀ ቅጠል ይዞ ከተማ ውስጥ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት ፋይዳ የለውም። ሣሩ ከበቀለበት ቦታ ላይ፣ ሣሩን ከሚሠራበት ሰው ጋር ቁሙ። «እማማ፣ ይቺን ምን ትሏታላችሁ?» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ለምን ትሆናለች? መቼ ትለቀማለች? የማትሆነውስ የትኛዋ ናት?» በሉ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች። ስፌት የሚያውቁ እናት የማይሆነውን ሣር ሲያሳዩ ልዩነቱን በጣታቸው ነጥለው ያሳያሉ። ስም ከቀበሌ ቀበሌ ይለዋወጣል፤ አንዱ ግጫ ያለውን ሌላው እንግጫ ይለዋል፤ ሁለቱንም ጻፉ፣ አታርሙ። እረኛ ልጆችን አትለፉ፤ ላሟ የምትመርጠውንና የምትተወውን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መድኃኒት ነው የተባላችሁትን ግን መዝግቡ እንጂ አትቅመሱ፣ ለሌላም አትስጡ።

ናሙና ስትይዙ ሣሩን ከሥሩ እስከ ራሱ ሙሉውን አንሡ። ሥር የሌለው ናሙና ዓመታዊና ነባር ሣርን አይለይም። አፈሩን አራግፉ፤ ከረዘመ በ«ኤን» ፊደል ቅርጽ ሁለት ቦታ አጥፉት፤ በጋዜጣ መሐል አድርጋችሁ በሁለት ካርቶን መካከል እሰሩ፣ ድንጋይ ጫኑበት። የረግረግ ሣር ውሃ ስላለው ጋዜጣውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየዕለቱ ለውጡ፤ ካልተለወጠ ይጠቁራል። አብሮ በሚቀመጠው ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ የተገኘበት ቀበሌና ቦታ፣ ቀኑ፣ መሬቱ ደረቅ ወይስ ውሃ የተኛበት፣ የአገሬው ስም፣ ሥራው፣ ሲነካ ምን እንደሚመስል። ያስተማሯችሁን ሰው ስም የምታሰፍሩት ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ያዙ። አንዱን ለትምህርት ቤታችሁ ወይም ለወረታ ግብርና ኮሌጅ አስቀሩ። የማታውቁትን ሁለተኛውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ላኩት፤ እዚያ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመውን፣ ሲልቪያ ፊሊፕስ ሣሮችን ያጠናችበትን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሰባተኛ ቅጽ ይዘው ያመሳክሩላችኋል። የቄጤማ ወገን ከሆነ ሌላ ቅጽ ውስጥ ስለሆነ፣ አገዳውን አሽከርክራችሁ ያገኛችሁትን ውጤት በወረቀቱ አናት ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ።